ዳገቱ የሞተር፣ ቁልቁለቱ የሾፌር
(በጋዝ በሚሄድ መኪና ካራቫን ስለ መጎተት የቀረበ አሳብ፤ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ)



ባለፈው ክረምት ከእናቴ ጋራ ወደ ጀርመን አገር ሄጄ በሙኒክ ከተማ አጠገብ በሚኖረው አጎቴ ቤት አምስት ሳምንት ቆይቼ ነበር። ትምህርት ሲጀመር ጓደኞቼ ስለ ሕንፃውና ስለ ባቡሩ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እኔ ራሴ ደጋግሜ የማወራላቸው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይኸውም በጋዝ በሚሄድ መኪና ቤት የሚያህል ተሳቢ እየጎተትን የአልፕስን ተራራ ተሻግረን ኢጣልያ ስለ መግባታችን ነው። ጓደኞቼ ይህን በሰሙ ጊዜ ወዲያው በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ጋዝ ላይ ተቀምጦ ያን ያህል መንገድ መሄድ እብደት ነው» አሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ርካሽ ከሆነና ከጎተተ ሌላ ምን ይፈለጋል?» አሉ። ክርክሩም በዕረፍት ሰዓት ብቻ አልቀረም፤ እስከ ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ድረስ ተከትሎን ገባ።

እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የሳቱት ነገር አለ ባይ ነኝ። አሳቤን አስቀድሜ ባጭሩ ልናገር። በጋዝ የሚሄድ መኪና ካራቫን ጎትቶ ረጅም መንገድ ለመሄድ ይበቃል፤ ኪስም አይጎዳም። የሚያስፈራውም ጋዙ አይደለም። የሚያስፈራው ያልተመዘነ ጭነትና በጊዜው ያልተነገረ ቃል ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ፣ ከዚያም አልፎ በራሴ ጥፋት ተምሬ ስለ ሆነ አንባቢዎች በትዕግሥት እንዲከታተሉኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ካራቫን ምን እንደ ሆነ ላላዩት ልግለጽ። ካራቫን በመኪና ኋላ የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁም ሣጥንና የውኃ ማጠራቀሚያ አለው። ቃሉ ጥንት ጓዛቸውን ጭነው አብረው ለሚጓዙ ነጋዴዎች የተሰጠ ስም ነበር፤ እኛ ሲራራ የምንለው መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1885 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም ለሽርሽር ብቻ የሚሆን በፈረስ የሚጎተት ቤት አሠርቶ አገሩን ዞረበት። በጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1931 አሪስት ዴትሌፍስ የተባለ ሰው ለሥራ ሲዞር ሠዓሊ ከነበረችው የትዳር ጓደኛው ላለመለየት ሲል በአውቶሞቢል የሚጎተት ቤት ሠራ። ዛሬ በበጋቸው ወራት የአውሮፓ አውራ ጎዳናዎች በእነዚህ ነጫጭ ቤቶች ይሞላሉ።

ጋዝ ስል ደግሞ በፋኖስ የምናነደውን ነጭ ጋዝ ማለቴ አይደለም። ይህ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ተደባልቀው፣ በግፊት ፈሳሽ ሆነው በብረት ጋን ውስጥ የሚቀመጡት ነው፤ በውጭ አገር ኤል.ፒ.ጂ. ይሉታል። በቤታችን ቡታ ጋዝ ለምንለው የቅርብ ዘመዱ ነው። የአጎቴ መኪና በተፈጥሮዋ የቤንዚን መኪና ናት፤ ኋላ በጋራዥ የጋዝ መሣሪያ ተገጥሞላት በሁለቱም የምትሄድ ሆነች። ጠዋት በቤንዚን ትነሣለች። የሞተሩ ውኃ በሞቀ ጊዜ ሙቀቱ ፈሳሹን ጋዝ ወደ ትነት ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ ራሷ ወደ ጋዙ ትሻገራለች። ተሳፋሪው ይህን የሚያውቀው በመሪው አጠገብ ባለችው ትንሽ መብራት ብቻ ነው።

እናቴ የጋዙ ጋን ከኋላችን በዕቃ መጫኛው ወለል ሥር መቀመጡን በሰማች ጊዜ «አንተ ልጅ፣ ሲሊንደር ላይ አስቀምጠህ ልትወስደን ነው?» ብላ አጎቴን ተቆጣችው። እርሱም ታናሿ ስለ ሆነ እየሳቀ «እትዬ፣ አይዞሽ» ብሎ መኪናውን ከፍቶ አሳያት። እኔም አብሬ አየሁ። ጋኑ ወፍራም ብረት ነው። ማደያ ላይ ሲሞላ ከመቶው ሰማንያ እጅ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል፤ ምክንያቱም ፈሳሹ በሙቀት ጊዜ ስለሚያብጥ የሚሰፋበት ባዶ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ግፊቱ ከልክ ቢያልፍ ቀስ አድርጎ የሚያስተነፍስ ቧምቧ አለው። ሞተሩ ሲጠፋ የጋዙን መንገድ የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያም ተገጥሞለታል። ይህ ሁሉ የባለ ጋራዡ ፈቃድ ሳይሆን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር በወጣ ደንብ ቁጥር 67 የታዘዘ ነው። እናቴ ሁሉን ሰምታ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

በአንጻሩ አባቴ በስልክ ነገሩን በሰማ ጊዜ ስለ ጋዙ አንዳች አላለም። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከተሳቢ ጋራ ዕድሜውን ሙሉ በጎጃም መንገድ ተመላልሷል። እርሱ የጠየቀው «ጋኑ በስኮርታ ጎማው ቦታ ከተቀመጠ ስኮርታውስ የት ገባ?» ብሎ ነው። በእውነትም ስኮርታ አልነበረም፤ በምትኩ የተበሳ ጎማ የሚደፍን መድኃኒት ያለበት ጣሳ ብቻ ነበር። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «ያለ ስኮርታ ረጅም መንገድ!» አለ። ይህ እንግዲህ የጋዝ መኪና የመጀመሪያው እውነተኛ ጉድለት ነው። ረጅም መንገድ የሚያስብ ሰው ስኮርታውን በካራቫኑ ውስጥ ማሰር አለበት።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ፤ ልደብቃቸው አልፈልግም። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ቢያፈተልክ ወደ ላይ አይበንም፤ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ወርዶ ይጠራቀማል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያዎች አይቀበሉትም። በእንግሊዝና በፈረንሣይ መካከል ከባሕሩ ሥር የሚያልፈው ባቡርም በጋዝ የሚሄዱ መኪናዎችን አያሳፍርም። ሁለተኛ፣ የማደያው ቧምቧ አፍ በየአገሩ ይለያያል፤ የጀርመኑ ከኢጣልያኑ ጋራ አይገጥምም። አጎቴ የነሐስ ማገናኛዎች በአንድ ከረጢት ይዞ ነበር፤ ከረጢቱን ቤት የረሳ ሰው በማደያው ፊት ቆሞ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ጋዝ ከቤንዚን ይልቅ ደረቅ ሆኖ የሚነድ ስለ ሆነ ለእርሱ ባልተሠራ ሞተር ውስጥ ቫልቮቹ የሚያርፉበት ብረት በብዙ ጭነት ቶሎ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ መኪናን ጋዝ ከማስገጠም በፊት ሞተሩ ለዚህ የሚስማማ መሆኑን አዋቂ መጠየቅ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። አንድ ሊትር ጋዝ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያነሰ ኃይል አለው፤ ስለዚህ መኪናዋ በጋዝ ስትሄድ ከአራት አንድ እጅ ያህል ተጨማሪ ሊትር ትጠጣለች። የአጎቴ መኪና ካራቫን እየጎተተች በቤንዚን በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ስትፈጅ በጋዝ ግን 15 ትፈጃለች። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያማ ኪሳራ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን በጀርመን የጋዙ ዋጋ ከቤንዚኑ ዋጋ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። የቤንዚኑን ሊትር 100፣ የጋዙን 60 ብለን ብናስብ፣ 12 ጊዜ 100 አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ 15 ጊዜ 60 ዘጠኝ መቶ ይሆናል። ከአራት ብር አንዱ ብር በኪስ ቀረ ማለት ነው። ሆኖም መሣሪያውን ማስገጠም ራሱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መንገድ ለሚወጣ ሰው አያዋጣም። ዘወትር ለሚነዳ ግን ያዋጣል።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። የአጎቴ ጋን 60 ሊትር ይይዛል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሰማንያ እጁ ግን 48 ሊትር ነው። በ15 ሲካፈል 320 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሙኒክ እስከ ቬሮና ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ በመካከል አንድ ጊዜ መሙላት የግድ ነው። ዳገት ከበዛም ከ320ው ይቀነሳል። የቤንዚኑ ጋን እንደ ተጠባባቂ መኖሩ ግን ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ጋዙ ቢያልቅ መኪናዋ ሳትቆም በቤንዚን ትቀጥላለች።

ናፍጣ ለመጎተት ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነትም አላቸው። የናፍጣ ሞተር በዝግታ ሲዞር እንኳ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ የጋዝና የቤንዚን ሞተር ግን ዳገት ላይ ማርሽ ተቀይሮለት ፈጠን ብሎ ካልዞረ አይጎትትም። ቢሆንም ይህ የትዕግሥት ጉዳይ እንጂ የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ የጉዟችንን ነገር ልንገራችሁ። በመኪናው ውስጥ አምስት ነበርን፤ አጎቴ፣ ባለቤቱ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸው፣ እናቴና እኔ። የካራቫኑ ክብደት ከነጭነቱ ቢበዛ 1,300 ኪሎ እንዲሆን ተፈቅዶለታል፤ መኪናዋም እስከ 1,400 ኪሎ መጎተት ትችላለች። የመኪናዋና የካራቫኑ የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ ስለማያልፍ የአጎቴ ተራ መንጃ ፈቃድ በቂ ነበር። ሁሉም በወረቀት ላይ ደኅና ነበር።

በመጫኛው ዕለት ማለዳ ግን ችኮላ ሆነ። ሁለት ብስክሌቶች በካራቫኑ ጀርባ ላይ ተሰቀሉ። እናቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችው 20 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከሽሮውና ከበርበሬው ጋራ በኋለኛው ቁም ሣጥን ገባ። ውኃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ድንኳንና የልጁ መጫወቻ ሁሉ ከኋላ ተከተሉ፤ የኋለኛው በር ሰፊ ስለ ነበር ዕቃውን በዚያ በኩል መጫን ቀላል ነበርና። እኔ ከአባቴ ጋራ በጭነት ስፍራ ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። አባቴ ወዛደሮቹን «ክብደቱን ጎማው ላይ! ጅራቱን አታክብዱት!» እያለ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የአጎቴን አጫጫን ባየሁ ጊዜ ልቤ አልወደደውም። ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንግዳ ነኝ፤ ታናሽ ነኝ፤ እርሱ ደግሞ ገንዘቡን አውጥቶ ሊያዝናናን የተነሣ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ካራቫን ሲጎትት አራተኛ ዓመቱ ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልሁ።

ከኢንስብሩክ እስከ ብሬነር መተላለፊያ ያለው ዳገት የጋዟን መኪና ፈተናት። ብሬነር ከባሕር ወለል በላይ 1,370 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ ነው። ወደዚያ ሲወጡ እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራውን፣ ከሸለቆው ወለል 190 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመውን የአውሮፓ ድልድይ ይሻገራሉ። አጎቴ ማርሹን ወደ ሦስተኛ አወረደ፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያጉረመረመ ወጣ። የሙቀቱ ጠቋሚ ከመካከሉ አልተነቃነቀም፤ ጋዙም አልተቋረጠም፤ የጋዙ ፍጆታ ብቻ በመቶ ኪሎ ሜትር ወደ 18 ሊትር ከፍ አለ። አናቱ ላይ ስንደርስ አጎቴ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አያችኋት? ጋዝ አይጎትትም ያለው ማነው?» አለ። ሁላችንም አጨበጨብን። እስከዚህ ድረስ ድሉ የሞተሩ ነበር።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በኢጣልያ ካራቫን የሚጎትት መኪና በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም፤ እኛ ግን በቁልቁለቱ ተገፍተን 95 ደርሰን ነበር። አንድ ትልቅ አውቶቡስ በግራችን አልፎን ሲሄድ ነፋሱ ካራቫኑን ገፋው። መጀመሪያ ቀላል መወዛወዝ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ካራቫኑ እንደ ዓሣ ጅራት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ይወራጭ ጀመር፤ በየጊዜውም ይብስ እንጂ አይቀንስም። የመኪናዋ ኋላ አብሮ ተሳበ። ልጁ በትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ያዝሁት። ከዚያ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልሁም።

አጎቴ በዚያች ሰዓት ትክክለኛውን አደረገ። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ፤ መሪውን ወዲያና ወዲህ ሳያዞር ቀጥ አድርጎ ያዘ፤ ፍጥነቱም ሲቀንስ ውዝዋዜው ቀስ በቀስ በረደ። በመጀመሪያው ማቆሚያ ስፍራ ገብተን ቆምን። ማንም አልተናገረም። እናቴ አላለቀሰችም፤ ወርዳ የልጁን ጫማ ማሰሪያ ፈታች፣ አሰረች፣ ደግሞ ፈታች። አጎቴ በካራቫኑ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ። እኔም ከኋላው ሄጄ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ስንጭን አይቼ ነበር» አልሁት። ዘወር ብሎ አየኝና «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። «እንዴት ብዬ?» ብዬ መለስሁለት። ይህን ጊዜ እርሱም መልስ አጣ።

በዚያው ስፍራ ጀሪካኖቹን ባዶ አደረግን፤ ዱቄቱን ከጎማዎቹ በላይ ወዳለው ወለል አዛወርን፤ ብስክሌቶቹንም አውርደን ወደ ካራቫኑ ውስጥ አስገብተን በገመድ አሰርናቸው። የቀረውን መንገድ በ75 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄድን፤ ካራቫኑም ቀጥ ብሎ ተከተለን። በጋርዳ ሐይቅ ዳር ካራቫኖች በሚያርፉበት መስክ ስንደርስ ከጎረቤታችን የሰው ሚዛን ተውሰን የፊዚክስ ፈተና ሠራን። የካራቫኑ አንገት በመኪናዋ መንጠቆ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ቢበዛ 75 ኪሎ እንዲሆን በመኪናዋ ላይ ተጽፏል፤ ወደዚያም መቅረብ አለበት። ዕቃውን ለሙከራ እንደ ቀድሞው መልሰን ብንጭነው ሚዛኑ 21 ኪሎ ብቻ አሳየ። አስተካክለን ብንጭነው 70 ሆነ። የዕቃው ጠቅላላ ክብደት አንድ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎማው እንደ ሚዛን እምብርት ሲሆን ጅራቱ ከከበደ አንገቱ ይቀልላል። አንገቱ ሲቀልል የመኪናዋ የኋላ ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው አይዙም፤ ያን ጊዜ ተጎታቹ ጎታቹን ያዘዋል።

በዚያ ምሽት ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ አጎቴ ስለ አያቴ አነሣ። አያቴ በጎጃም በበቅሎና በአህያ እህልና ጨው እየጫኑ ከገበያ ወደ ገበያ ይዞሩ ነበር። ማለዳ ከመነሣታቸው በፊት የግራውንና የቀኙን ጭነት በእጃቸው አንሥተው ሳይመዝኑ በቅሎዋን ከደጅ አያስወጡም ነበር፤ ጭነቱ ካጋደለ በቅሎዋ በቁልቁለት ትወድቃለች፣ ጀርባዋም ይቆስላል። «አባባ ፊደል ሳይቆጥሩ ያወቁትን እኔ መንጃ ፈቃድ ይዤ ረሳሁት» አለ አጎቴ። ደግሞም በዚያው ምሽት ልጁን አስቀምጦ «ከዛሬ ጀምሮ በጉዞ ላይ ያየኸውን ነገር መናገር ትችላለህ፤ አልቆጣህም» አለው። እኔን ግን አላየኝም፤ ለእኔም የተነገረ መሆኑን ዐወቅሁ።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። ጋዝን ለሚፈሩ ወዳጆቼ የምለው ይህ ነው። በዚያ ጉዞ ጋዙ አንድም ጊዜ አላስፈራንም፤ ለሞት ያቀረበን የጤፍ ዱቄት፣ ውኃና ብስክሌት ነው። ሰው የሚፈራውን ነገር ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጋኑ አምስት መዝጊያ ቢኖረው አያስደንቅም። የማይፈራውን ነገር ግን ችላ ይለዋል፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። «ርካሽ ከሆነና ከጎተተ ምን ይፈለጋል» ለሚሉት ደግሞ፣ የሚጎትት መኪና ብዙ ነው፤ የሚጎትተውን በፈለገበት ሰዓት ማቆም የሚችል ግን ጥቂት ነው እላለሁ። አባቴ ዘወትር የሚለው አነጋገር አለ፤ ዳገት ሞተርን ይፈትናል፣ ቁልቁለት ግን ሾፌርን ይፈትናል።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ሽርሽር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። በአገራችን ካራቫን እምብዛም አይታይም፤ የመኪና ጋዝ ማደያም የተለመደ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ የወደፊቱ መኪናችን የኤሌክትሪክ መሆኑ ግልጽ ነው። እውነቱን ለመናገር ጋዝም ቢሆን ከምድር ሆድ የሚወጣ ነዳጅ ነው፤ ጭሱ ከቤንዚን ቢቀልም ጭስ አልባ አይደለም። ስለዚህ እኔ ነገ ሁላችን የጋዝ መኪና እንግዛ አልልም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ካራቫን ሲጎትት በአንድ ሙሌት የሚሄደው መንገድ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላልና፣ እንደ ጋዙ ሁሉ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይሻል። የመኪናው ምግብ ይለወጣል፤ የሚዛኑ ሕግ ግን አይለወጥም።

ደግሞም የእኛ አገር መንገድ ከብሬነር የቀለለ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስስ ስለሚሆንበት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ዳገቱ ስለዚህ ይከብደዋል። ቁልቁለቱ ግን ለማንም አይቀልለትም። በአባይ በረሃ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ የሚወርደውን ተሳቢ ከኋላ ሆነን ጥሩምባ የምንነፋበት ሁላችን፣ ያ ሾፌር ፍሬኑ በሙቀት እንዳይከዳው በሞተሩ እየያዘ መውረዱን ብናውቅ ባልነፋን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን? በመንገድ ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።

እንግዲህ በጋዝም ሆነ በሌላ ኃይል ተሳቢ ጎትቶ ረጅም መንገድ ለሚነሣ ሰው ምክሬ አራት ነው። መጀመሪያ፣ ከመነሣቱ በፊት ይመዝን፤ ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን አንገቱንም ጭምር። ሁለተኛ፣ ከባዱን ከጎማው በላይ ዝቅ አድርጎ፣ ቀላሉን ወደ ዳርና ወደ ላይ ይጫን። ሦስተኛ፣ በጋኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በሰማንያ እጁ ማደያውን ያስላ፤ ማገናኛውንና ስኮርታውን አይርሳ። አራተኛ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ያውርድ።

አምስተኛ ምክርም አለኝ፤ ይኸኛው ግን ለሾፌሩ ብቻ አይደለም። እናንተ ወላጆችና መምህራን፣ ታናሽ በትሕትና ሲናገር ስሙት፤ የኋላው በር አጠገብ የቆመው እርሱ ስለ ሆነ እናንተ ያላያችሁትን አይቶ ይሆናል። እናንተም ጓደኞቼ፣ ታላቅን ማክበር መልካም ባሕላችን ነው፤ ነገር ግን ታላቃችንን ወደ ገደል ሲሄድ ዝም ብሎ መከተል አክብሮት ሊባል አይችልም። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከኋላ አልበዛም?» ማለት አራት ቃል ብቻ ነበር። እኔ እነዚያን አራት ቃላት ሙኒክ ላይ በመዋጤ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በተኛበት ሊቀር ነበር።

ዛሬ አባቴ መኪናው ሲጫን አጠገቡ ከቆምሁ ዝም አልልም። እርሱም አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ አንድ ጆንያ ከጅራቱ ጫፍ ያስቀምጥና በዓይኑ ጫፍ ያየኛል።